ወፍ፣ አበባና ጀንበር፦ ከዳባት ጓሮ እስከ ሊማሊሞ አፋፍ

ካሜራ አንግቦ ወደ ስሜን የሚመጣ አብዛኛው ሰው ዳባትን የሚያውቃት በመኪና መስኮት ነው። ደባርቅ ላይ ወርዶ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን መግቢያ ይከፍላል፤ ውኃና ዳቦ ይሸምታል፤ ከዚያ ሽቅብ ነው። ከጎንደር ማልዶ ቢነሣ እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ፣ የጽሕፈት ቤቱን ጣጣ ጨርሶ፣ የፓርኩን ጠባቂ፣ ስካውቱን፣ አሳፍሮ ሳንቃበር ካምፕ እስኪደርስ ረፍዷል። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች፤ ሩቁ ተራራ ደብዝዟል፤ ወፉም ጥላ ገብቷል። በዚያ ሰዓት የሚነሣው ፎቶ ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ ያለው ፎቶ ነው።

እኔ የምመክርዎት ተቃራኒውን ነው፤ ከታች ይጀምሩ። ደባርቅ ወይም ዳባት ይደሩ። የመጀመሪያዎቹን ጠዋቶች በሰው ጓሮ፣ በባቄላ ማሳ ዳርና በቤተ ክርስቲያን አጸድ ያሳልፉ። ገደሉ የትም አይሄድም፤ ይደርሱበታል። ወፍን ሳያስደነግጡ መቅረብ፣ አበባን ከነፋስ መከለል፣ ብርሃን ከየት እንደሚመጣ አይቶ መቆሚያ መምረጥ፣ ይህ ሁሉ ጓሮ ውስጥ ይለመዳል። አፋፍ ላይ ቆሞ መማር ግን ለእግርም ለካሜራም አይመችም።

መጀመሪያ ሰዓቱና ወሩ

በዚህ አካባቢ ፀሐይ በኅዳር ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። በሰኔ ማብቂያ ደግሞ 12 ሰዓት ገደማ ወጥታ፣ የምትገባው 1 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው። ለሥራ የሚሆንዎት ብርሃን ከወጣች በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩልና ከመጥለቋ በፊት ያለው አንድ ሰዓት ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሯ ስስ፣ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። 3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ጥላው ድቅድቅ ይላል፤ ነጭ አበባም ነጭነቱ ብቻ ይቀርና ዝርዝሩ ይጠፋል። በተለይ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ፀሐይ ቀትር ላይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ስለምትቆም ጥላዎ እግርዎ ሥር ይገባል። በዚያ ሰዓት ምሳ ይብሉ።

ወሩን በተመለከተ፣ አበባ የፈለገ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይምጣ። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚሄድ ሩቁም ቅርብ ሆኖ ይታያል። ለትልልቅ አሞሮችና ለጭልፊት ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር ይመረጣሉ፤ ምክንያቱን አፋፉ ጋ ስንደርስ እነግርዎታለሁ። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከቆላው የሚነሣው አቧራና ጭስ አድማሱን ይሸፍነዋል። ለተራራ ፎቶ መጥፎ ነው፤ ለጀንበር ግን እንዲህ ያለ ወቅት የለም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናብና ጉም ነው። ጭቃ የማይፈራ ሰው በዚያም ወቅት ቢሆን ባዶ እጁን አይመለስም።

ስለ ዕቃ ብዙ አልልም። ለአበባና ለጀንበር በኪስዎ ያለው ስልክ ይበቃል። ለወፍ ግን ስልክ ያስቸግራል፤ በጣት እየጎተቱ ማጉላት ምስሉን መቁረጥ እንጂ ማቅረብ አይደለም። ካኖንም ይሁን ኒኮን፣ አሮጌ ካሜራ እስከ 300 ሚሊ ሜትር ከሚደርስ ሌንስ ጋር ካገኙ ከአዲስና ውድ ስልክ ይሻልዎታል። ሁለት ባትሪ ይያዙ፤ አንዱን ከልብስዎ ውስጥ ሰውነትዎ ጋር ያድርጉት፤ ብርዱ ባትሪ ይበላል። መብራት ማታ ሊጠፋ ስለሚችል እንደገቡ ወዲያው ቻርጅ ያድርጉ። አንድ ፌስታልም አይርሱ። ብርድ የጠጣ ካሜራ እሳት ወደሚነድበት ቤት በድንገት ሲገባ ሌንሱ ያልበዋል፤ ከደጅ ሳሉ ፌስታል ውስጥ ከትተው አፉን ቋጥረው ያስገቡት፤ እስኪሞቅም አይክፈቱት።

ጓሮ

የዳባትና የደባርቅ ጓሮ ለፎቶ ተብሎ የተተከለ አይደለም። ጎመን አለ፣ ድንች አለ፣ ጌሾ፣ ዳማከሴ፣ ጤና አዳም፣ ከአጥሩ ወዲያ ባሕር ዛፍ። ለወፍ ግን ምግቡም፣ መደበቂያውም፣ መቀመጫውም እዚያው ነው። የቤቱን እመቤት አስፈቅደው ይግቡ። ቡና ቢቀርብልዎ ይቀመጡ፤ ሳይወዱ በግድ ዝም ብለው ስለሚቀመጡ ለሥራውም ይጠቅማል።

በመጀመሪያው ጠዋት ካሜራውን ቦርሳው ውስጥ ይተዉትና ወፎቹ የት የት እንደሚያርፉ ብቻ ይመልከቱ። አብዛኛው ወፍ የለመደው መቀመጫ አለው። ጥቁርና ነጭ ላባ ያለውን፣ ጅራቱ ረዘም ያለውን፣ አጥር ጫፍ ላይ ብቻውን የሚቀመጠውን ወፍ ያዩታል። ከእንጨቱ ተወርውሮ ከመሬት ነፍሳት ይለቅምና ወይ ወደዚያው እንጨት ወይ ወደ ቀጣዩ ይመለሳል። እሱን እየተከተሉ መሮጥ ድካም ነው። እንጨቱን ዒላማ አድርጎ መጠበቅ ይበቃል።

ቀጥሎ ውኃ ያኑሩ። በበጋ፣ በተለይ ከየካቲት ወዲህ፣ ከምግብ ይልቅ ውኃ ወፍ ይጠራል። የተሰበረ የእንስራ ቂጥ ወይም ዝርግ ጣባ ይበቃል፤ ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ፤ መሐሉ ላይ ጠጠር ያስቀምጡበት። ድመት አድፍጣ እንዳትዘል ከቁጥቋጦ ትንሽ ራቅ ይበል፤ ወፉ ደንግጦ የሚሸሽበት ቅርንጫፍ ደግሞ በቅርብ ይኑር። ከጣባው አጠገብ የደረቀ የወይራ እንጨት ይትከሉ። ወፍ ውኃው ላይ ቀጥታ አይወርድም፤ መጀመሪያ እንጨቱ ላይ አርፎ ግራ ቀኙን ያያል። ፎቶዎ ያ ነው። እንጨቱ ከኋላው ካለው አጥር ቢያንስ 4 ሜትር ይራቅ፤ አለበለዚያ አጥሩና ወፉ ተደበላልቀው ይወጣሉ።

እርስዎ የት ይቀመጣሉ? ቤት ውስጥ። የደጋ ቤት ውስጡ ጨለማ ነው፤ ደጁ ብርሃን ነው። ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተው በርጩማ ላይ ቢቀመጡ ወፉ እርስዎን አያይም፤ እርስዎ ግን ሁሉንም ያያሉ። ፈረንጆች ለዚህ ብለው ልዩ ድንኳን ይገዛሉ። ጣባውን ሲያኖሩ በሩ ወደ የት እንደሚያይ ያስተውሉ፤ የጠዋት ፀሐይ ከቤቱ ጀርባ መጥታ ወፉ ላይ የምትወድቅበት ቦታ ከሁሉ ይሻላል።

ካሜራውን እንዲህ ያዘጋጁ። አፐርቸሩን ሌንሱ እስከቻለው ድረስ ይክፈቱት። ሻተር ስፒዱ ለተቀመጠ ወፍ ከ1/500 ሰከንድ፣ ለሚበር ከ1/1600 አይውረድ። አይኤስኦውን ለካሜራው ይተዉት። ፎከሱን ዓይኑ ላይ ያድርጉ፤ ላባው ሁሉ ጥርት ብሎ ዓይኑ ከደበዘዘ ፎቶው ሞቷል። ቁመትዎንም ዝቅ ያድርጉ፤ መሬት ላይ ያለ ወፍ ቆመው ከላይ ሲያነሡት ጀርባ ብቻ ይሆናል። ተንበርክከው ወይም በደረትዎ ተኝተው ዓይኑ ትክክል ይሁኑ።

ከጓሮ ወጥተው ወደ ማሳ ሲሄዱ ከከብቶች ጋር ይሂዱ። ወፍ ሰውን እንጂ ከብትን አይሸሽም፤ እረኛንም ለምዶታል። ከላሞቹ ጎን ቀስ እያሉ፣ እየቆሙ፣ ወደ ወፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ሰያፍ እያሉ ይቅረቡ። እዚህ ላይ ቁራውን ችላ እንዳይሉት። የስሜን ቁራ ተራ ቁራ አይደለም፤ ምንቃሩ እንደ መጥረቢያ የወፈረ፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይገኝ ነው። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1836 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀው እሱ ነው፤ በዚያ ዘመን ወፍ የሚጠናው በጠመንጃ ነበር። እበት ላይ ሲያርፍ ያስተውሉት። ምንቃሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እያወዛወዘ እበቱን ይበትንና ከውስጡ ትል ይለቅማል። ያን እንቅስቃሴ በተከታታይ መተኮሻው ቢያነሡ ከአሥሩ አንዱ ይወጣል። ጥቁር ስለሆነ ደማቅ ሜዳ ላይ የላባው ዝርዝር ይጠፋል፤ ብርሃኑን ትንሽ ከፍ ያድርጉለት። በስልክ ከሆነ ቁራውን በጣት ይንኩ፤ አሁንም ከጠቆረ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ይሳቡ።

የሥጋ ቤት ጓሮም መጥፎ ቦታ አይደለም። ሽታውን ከቻሉት ጭልፊቱ ከሰው እጅ ሥር ሥጋ ሲነጥቅ፣ ጥንብ አንሳው በጣራ ቆርቆሮ ላይ ክንፉን ለፀሐይ ሲዘረጋ ያገኙታል። ባለቤቱን ያስፈቅዱ፤ ከአንድ ኪሎ ሥጋ በኋላ ደግሞ ይበልጥ ይፈቅዳል።

አበባ፣ ከነወፉ

በመስከረም መንገዱ ዳር ሁሉ አደይ ነው። ሰው ሁሉ ቆሞ ከላይ ወደ ታች ያነሣዋል፤ ስለዚህ ሁሉም አንድ ዓይነት ይወጣል። ስልክዎን ገልብጠው ሌንሱን ወደ መሬት አስጠግተው ከሥር ወደ ሰማይ ቢያነሡት ሌላ ነገር ይሆናል። አደይ ዕድሜው አጭር ነው፤ ጥቅምት ሲጋመስ እየረገፈ ስለሚሆን ነገ አይበሉ።

የእርሻ አበባ ግን የባሰ ተንቋል። የባቄላ አበባ ነጭ ሆኖ መሐሉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለው፤ ቀርበው ካላዩት አያምኑም። ተልባ ደግሞ ሰማያዊ ነው። ተልባ ማሳ ለማንሣት ካሰቡ ጠዋት ይሂዱ፤ አበባው በጠዋት ይፈካና ከቀትር በኋላ ቅጠሎቹን ያረግፋል። ከሰዓት በኋላ ደርሰው «የለም» ብለው ሰዎች የሚመለሱት የዛሬው አበባ ስለረገፈ ነው፤ ነገ ጠዋት ሌላ አለ። ወደ ማሳ አይግቡ፤ ድንበሩ ላይ ቆመው ያንሡ። ለአንድ ፎቶ የተረገጠ ገብስ የአንድ ቤት እንጀራ ነው፤ ባለቤቱ ቢቆጣም እውነት አለው።

ነጭ አበባ ላይ፣ ለምሳሌ ቀጋ ላይ፣ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ። ቀጋን በአክብሮት ያንሡት፤ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የበቀለ ጽጌረዳ እሱ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ማንሣት ግድ ከሆነብዎ ነጠላ ያውጡ። ሁለት ሰው ነጠላውን ከአበባው በላይ ወጥሮ ከያዘ ጨካኙ ፀሐይ ይለሰልሳል፤ ስቱዲዮ ውስጥ በገንዘብ የሚገዛው ብርሃን ይህ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ ጋቢ በነፋሱ በኩል ይከልሉ።

አሁን ወደምወደው ክፍል መጣሁ። በዚህ ደጋ የአበባ ማር የምትጠጣ፣ ምንቃሯ ቀጭንና ቆልማማ የሆነች ትንሽ ወፍ አለች፤ የሳይንስ ስሟ የተከዜን ወንዝ ስም የያዘ ነው። ወንዱ ጥላ ውስጥ ሲታይ ጥቁር ነው፤ ማንም አይደነቅበትም። ፀሐይ ከእርስዎ ጀርባ መጥታ ፊት ለፊት ስታገኘው ግን ሰውነቱ ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ቀለሙ በላባው ላይ የተቀባ አይደለም፤ ብርሃን ላባው ላይ ሲነጥር የሚፈጠር ነው። ስለዚህ ፀሐይን በጀርባዎ ሳያደርጉ ይህን ወፍ ለማንሣት አይሞክሩ፤ የቆመበት ቦታ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ጥቁር ወፍ ይዘው ነው የሚመለሱት።

የት ይጠብቁታል? የፈረስ ዘንግ አጠገብ፤ አንዳንዱ ራስ ክምር የሚለው፣ ብርቱካንማ አበባው ግንዱን ክብ ክብ አድርጎ የሚከበው ተክል ነው። በአጥር ዳርና በመንገድ ዳር ሞልቷል። እሬት ሲያብብም ይመጣል። ይህ ወፍ አበባ ሲቀስም እየተንሳፈፈ ሳይሆን ግንዱን ጨብጦ ነው፤ ስለዚህ ለፎቶ ጊዜ ይሰጣል። ወንዱ የያዘውን የአበባ መደዳ ከሌላ ወንድ ይጠብቃል፤ ቢያባርሩት እንኳ ተመልሶ ይመጣል። የፈረስ ዘንግ ከታች ወደ ላይ እየፈካ ይሄዳል፤ የረገፈውን ክብ ይተዉና የዛሬውን ትኩስ ክብ ፈልገው እሱ ላይ ፎከስ አድርገው ይቆዩ። ወፉ የሚያርፈው ከዚያ ግፋ ቢል አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ወይም ከፍ ብሎ ነው። ክንድዎ እስኪዝል ካሜራውን ደግፈው አይቁሙ፤ ድንጋይ ላይ ወይም የጤፍ ከረጢት ላይ ያሳርፉት።

ወደ ላይ ከወጡ በኋላ የአበባው ዓለም ይለወጣል። አስታው፣ ቢጫ አበባ ያለው አሜጃ፣ ቀላ ያለ ዘለላ የሚያንጠለጥለው እንስት ኮሶ፣ ክብ ራሱ እሾህ የለበሰው ኮሸሽላ ይመጣሉ። ከዚያ ጅብራ። ጅብራ ለዓመታት በቅጠሉ ብቻ ቆይቶ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። አብቦ ካገኙት ዕድለኛ ነዎት፤ ካላገኙት የደረቀው ግንድ ሞቶም ቆሞ ስለሚቆይ ለማታ ጥላ ምስል ይሆናል። ቁመቱ በፎቶ አይታወቅም፤ አጠገቡ ሰው ያቁሙ። ለዚህ ስካውቱን ቢጠይቁት ከነጠመንጃው ቀጥ ብሎ ይቆምልዎታል፤ ካስፈቀዱት ብቻ።

አፋፉ

ትልልቅ አሞሮችን ለማንሣት በጣም ማልዶ መነሣት አያስፈልግም። ከባድ ወፍ ክንፉን እያራገበ አይደክምም፤ ምድሩ ሞቆ አየሩ ሽቅብ እስኪነሣ ይጠብቃል። ስለዚህ ጠዋቱን ለትንንሽ ወፎች ይስጡና 3 ሰዓት ገደማ አፋፉ ላይ ይድረሱ።

የስሜን ትልቁ ገደል ወደ ሰሜን ያያል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ የምትሄደው በደቡብ በኩል ስለሆነ የገደሉ ግድግዳ የቀኑን ብዙ ሰዓት ጥላ ውስጥ ነው። የተራራ ፎቶ የሚፈልግ ሰው በዚህ ያዝናል። ወፍ ለሚያነሣ ግን ከዚህ የተሻለ አይገኝም፤ ፀሐይ ከጀርባዎ ከደጋው በኩል ትመጣለች፤ አሞራው ከፊትዎ ከገደሉ ወጥቶ ብርሃን ይለብሳል፤ ከኋላው ያለው ግድግዳ ጨለማ ነው። ሌላ አገር ወፍ የሚያነሣ ሰው አንገቱን አቅንቶ ሆድና ሰማይ ሲያነሣ ይውላል። እዚህ ግን አሞራውን ከትክክሉ፣ አንዳንዴም ከላይ፣ ጀርባውንና የክንፉን ላባ እያዩ ያነሡታል። ከላይ ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥርን የመረጥኩት ለዚህ ነው።

ከሁሉ የሚፈለገው ጺማሙ አሞራ ነው። ክንፉ ሲዘረጋ እስከ 2.8 ሜትር ይደርሳል፤ ጅራቱ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ደረቱ ዝገት የመሰለ ቀለም አለው፤ ቀለሙን የሚያገኘው ብረት ካለበት አፈር ነው። ምግቡ በአብዛኛው አጥንት ነው። የማይውጠውን ትልቅ አጥንት ከፍ አድርጎ ወስዶ ዝርግ ዐለት ላይ ይጥለዋል፤ ካልተሰበረ አንሥቶ ይደግማል። አጥንት ተሸክሞ ሲዞር ካዩ ካሜራውን አያውርዱ፤ መጣሉ አይቀርም። ሻተር ስፒዱን 1/2000 ያድርጉ፤ ካሜራው በተከታታይ ፎከስ እንዲያደርግ ይዘዙት፤ ወፉን ከሩቅ ጀምረው እየተከተሉ ሲቀርብ ይተኩሱ። ግድግዳው ጨለማ ስለሆነ ካሜራው ብርሃን ያበዛል፤ ሁለት ሦስተኛ ስቶፕ ያህል ዝቅ ያድርጉት። አሞራው ከአድማስ በላይ ወጥቶ ሰማይ ላይ ሲሆን ደግሞ ተቃራኒውን፣ ከፍ ያድርጉ።

በሳንቃበርና በጨነቅ ካምፖች አካባቢ በጠዋት ቆቆች መንገድ ላይ ይወጣሉ፤ መኪና ውስጥ ሆነው በመስኮት ቢያነሡ አይሸሹም። ወርደው ከሄዱ ግን አለቀ። ከፍ ባለው ገደል ላይ ምንቃሩና እግሩ ቀይ የሆነ ቁራ መሰል ጥቁር ወፍ በመንጋ ሲጫወት ካዩ በአፍሪካ ከጥቂት ቦታዎች በቀር የማያገኙት ነውና ጊዜ ይስጡት።

አፋፍ ላይ ቆመው በሌንስ ሲያዩ እግርዎን አያዩም። ይህን እንደ ቀልድ አይውሰዱት። ከጠርዙ ቢያንስ ሁለት ሜትር ገብተው ይቀመጡ ወይም ይንበርከኩ፤ የካሜራውን ማንጠልጠያ አንገትዎ ላይ ያድርጉ፤ ቦታ ሲቀይሩ ካሜራውን ከዓይንዎ ያውርዱ። ከአፋፎቹ አንዱ እሜት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ነው፤ ነፋሱ ሳያስጠነቅቅ ይመጣል።

ጀንበር

በዚህ አገር ጀንበር አትለመንም። ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው፤ አድማስ ከነካች በኋላ ካሜራ ከቦርሳ ማውጣት የለም። አንድ ሰዓት ቀድመው ይድረሱ።

ከምን ጋር ያነሷታል የሚለው ከጀንበሯ ይበልጣል። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ወደ ደቡብ ምዕራብ አፈንግጣ ስለምትጠልቅ ከሊማሊሞ ሆነው ቆላው ላይ አያገኟትም፤ ወደ ደጋው በኩል ነው የምትገባው። በእነዚህ ወራት ስለዚህ ወደ ዳባት እርሻ ይውረዱ። ጊዜው የውቂያ ነው። ገበሬው ነፋስ ጠብቆ እህሉን በላይዳ ወደ ላይ ሲበትን፣ እብቁ ከጀንበሯ ፊት ወርቅ ሆኖ ይንሳፈፋል። እርስዎ ከአውድማው ማዶ፣ ጀንበሯን ፊት ለፊት እያዩ፣ ሰውየው በመሐል እንዲሆን ይቁሙ። ነፋሱ ወደ የት እንደሚነፍስ ያስተውሉ፤ እብቁ ወደ እርስዎ ከሆነ ሌንሱም ዓይንዎም ይሞላል። ከመቅረብዎ በፊት ግን «እንደምን ዋላችሁ፤ ይበርክት» ይበሉ፤ ሰላምታ ሳይሰጥ አውድማ ላይ ካሜራ የሚደቅን ሰው አይወደድም።

ከመጋቢት ወዲያ ጀንበሯ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያም ወደ ሰሜን ምዕራብ ስለምትሄድ ሊማሊሞ ተራው ይደርሳል። ከደባርቅ ቅርብ ነው። ከአፋፉ ወደ ቆላው ሲያዩ ሸንተረር ከሸንተረር በስተኋላ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አቧራው ጀንበሯን ስለሚያቀላት በዓይን እስክትታይ ድረስ ትለዝባለች። በስልክ ሲያነሡ ጀንበሯን ራሷን ሳይሆን ከአጠገቧ ያለውን ሰማይ በጣት ይንኩ፤ ተጭነው ይቆልፉት፤ ከዚያ ብርሃኑን ወደ ታች ይሳቡ። በካሜራ ከሆነ ነጭ ሚዛኑን ለካሜራው አይተዉት፤ ካሜራው ቀዩን «ላርመው» ብሎ ያጠፋዋል፤ የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ ያድርጉት።

ከጠለቀች በኋላ ሰዎች ዕቃ ይሰበስባሉ። እርስዎ ይቆዩ፤ ደመና ካለ የሚቀላው ከዚያ በኋላ ነው። ሲጨልም ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቀየሰው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ የጭነት መኪና መብራት ይታያል። ካሜራውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ወይም በባለሦስት እግር መቆሚያ ላይ አቁመው ለ20 ወይም ለ30 ሰከንድ ክፍት ቢተዉት የመብራቱ መሥመር የመንገዱን ጥምዝምዝ ይስለዋል። ራስዎ ግን ኩርባ ላይ አይቁሙ፤ ሾፌሩ እርስዎን አይጠብቅም።

ሰው፣ ፈቃድና ኬላ

በአጸድ ውስጥ ከማንሣትዎ በፊት የደብሩን አገልጋይ ይጠይቁ። እነዚያ ጽድና ወይራዎች እስከ ዛሬ የቆሙት ቤተ ክርስቲያኑ ስለጠበቃቸው ነው፤ ወፉም እዚያ የበዛው ለዚሁ ነው። ረጅም ሌንስ ከሩቅ ሲታይ ሌላ ነገር ይመስላል። ወደ ኬላ፣ ወደ ታጠቀ ሰው፣ ወደ ድልድይ አያዙሩት። ከከተማ ከመውጣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ከአካባቢው ሰውና ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ «አይሆንም» ከተባሉ አይከራከሩ። ድሮን ያለ ፈቃድ አይነሣም። ለንግድ የሚሆን ቀረጻም ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ይፈልጋል። ፓርኩ ውስጥ ያለ ስካውት አይገባም። ስካውቱን እንደ ግዴታ ብቻ አይዩት፤ አሞራው የት እንደሚያድር ከማንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው።

እሳት አያንድዱ፤ የሲጋራ ቁራጭም አይጣሉ። በ2011 ዓ.ም. በፓርኩ የተነሣው ቃጠሎ አስታውንና ጓሳውን እንዴት እንደበላው የአካባቢው ሰው አይረሳውም።

ማታ ፎቶዎቹን ሲለዩ የማይረቡትን እዚያው ያጥፉ፤ የተረፉትን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ላይ ቦታውን፣ ቀኑንና ያገሩ ሰው ለወፉ ወይም ለአበባው የሚሰጠውን ስም ይጻፉ። ፎቶ ያነሡትን ገበሬና ጓሯቸውን የፈቀዱልዎን እመቤት አይርሱ፤ ደባርቅ ወይም ጎንደር አሳጥበው አንድ አንድ ቅጂ ይላኩላቸው። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ሲያወጡ ግን አንድ ነገር ይተዉ፤ ወፉ ጎጆ የሠራበትን ቦታ። እንቁላል ወይም ጫጩት ያለበት ጎጆ ካገኙ አይቅረቡ፣ ቅጠሉን አይግለጡ፣ ቦታውንም ለማንም አያሳዩ።